በዝናብ ደን ውስጥ ወፎችን ለማየት ተቸግረናል፤ ምክራችሁን እሻለሁ
ከጓደኞቼ ጋር ወፎችን ለመመልከት ለአንድ ቀን ወደ ዝናብ ደን ሄደን፣ ጎህ ሲቀድ ድምፃቸው ከየአቅጣጫው እየተሰማን አንዱን እንኳ በቅጡ ሳናይ መመለሳችን እስካሁን ያሳዝነኛል። አብዛኞቹ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ዛፎች ጫፍ ላይ ስለነበሩ፣ 10 እጥፍ በሚያጎላው የርቀት መነጽሬ ስፈልጋቸው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በጥላው ውስጥም ቀለማቸው አይለይም፤ እርጥበቱ ደግሞ ሌንሱን ያደበዝዘዋል። ረፋድ ላይ፣ ከረጅም ጸጥታ በኋላ፣ የተለያዩ ዝርያዎች የተቀላቀሉበት መንጋ ድንገት ደርሶ፣ ገና እየተጠቋቆምን ሳለን አለፈ። በቅርቡ ተመልሰን ስለምንሄድ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነና 8 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይሻለኝ እንደሆነ፣ እንዲሁም መንጋውን ከመከተልና በደኑ ጠርዝ ተቀምጦ ከመጠበቅ የትኛው እንደሚበጅ ልምድ ያላችሁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።