ባለ ሁለት ፊቷ የትላቲልኮ ሴት፦ ድፍን ወይስ ባዶ?

የሥዕል መምህርት፦ ሰላም። ሜክሲኮ ሲቲ ምዕራብ ዳር ካለችው ጥንታዊ መንደር ከትላቲልኮ ከተገኙት የሸክላ ሴት ምስሎች (ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 900 ገደማ) ውስጥ ባለ ሁለት ፊቷን ለማስተማሪያ በ12 ሴ.ሜ. ቁመት መሥራት ይፈለጋል። ጭኗ ወፍራም ስለሆነ ውስጧ ባዶ ይሁን? እሳት ላይ እንዳትፈነዳስ?

ገል ሰብሳቢ፦ ድፍን ትሁን። የጥንቶቹም በዚያ መጠን ድፍን ናቸው፤ ያለ ቅርጽ ማውጫ፣ አንድ በአንድ በእጅ የተሠሩ። ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ የተነፋ የገል ዱቄት ይቀላቅሉ። ገላዋንና እግሮቿን ከአንድ ጥቅል ያውጡ፤ ተለጥፎ የተሠራ ጭን ሲደርቅ ይለቃል። ክንዷ አጭር ጉጥ ነው፤ ለጣት አይድከሙ። ልፋቱ ፊት ላይ ነው፦ አፍንጫና አፍ ሁለት ሁለት፣ የመሐሉን ዓይን ግን አንዳንዶቹ ይጋሩታል። ዓይኑን ጭቃው ሳይጠብቅ በቀርከሃ ስንጥር ይውጉ። ፀጉሩ በቀጭኑ ተድቦልቡሎ የሚለጠፍ ስለሆነ ሥሩን ጫር ጫር አድርገው በውሃ በቀጠነ ጭቃ ያጣብቁ።

የእቶን ሰው፦ አየር ነው የሚያፈነዳው ይባላል እንጂ ጥፋቱ የውሃው ነው፤ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይገነጥላል። ከሥር በሁለቱም ጭን በቀጭን ሚስማር ወደ ላይ ይብሱ። አንድ ሳምንት በላስቲክ ተሸፍና፣ አንድ ሳምንት ተገልጣ ትድረቅ። ጉንጭ ላይ ስትነካ ከቀዘቀዘች ገና ናት። ምድጃው 90 ዲግሪ ላይ ስድስት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ በሰዓት 50 ዲግሪ እስከ 600 ይውጣ። በተለይ 573 አካባቢ ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ በድንገት ስለሚለጠጥ መቸኮል ያሰነጥቃል። 750 ይበቃል።

ቀለም በጥባጭ፦ ቀይ አፈር ከእሳት በፊት ይቀባል። ቢጫውን ግን ከተተኮሰች በኋላ! እሳት ቢጫ አፈርን ያቀላዋል፤ ብዙ ሰው ቀለሙ ተበላሸ ብሎ የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። እንደ ጥንት እንዳትታይ፣ ሥሯ ላይ ሳትደርቅ የተሠራችበትን ዓመተ ምሕረት ይጻፉ። የትላቲልኮ አስመስሎ ሥራ ገበያውን ሞልቶታል፤ የጥንቱ ደግሞ በሜክሲኮ የ1972 (እንደ ፈረንጆቹ) ሕግ የመንግሥት ንብረት ነው።

የሥዕል መምህርት፦ አመሰግናለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ባይኖርስ?

ገል ሰብሳቢ፦ በኩበትና በጭድ ይሆናል። መጀመሪያ እሳቱ ዳር እያገላበጡ በእጅ እስከማትያዝ ያሙቋት፣ ከዚያ በሰፋፊ ገል ሸፍነው ይቅበሯት። ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣባታል፤ አይፋቁት፣ ያምርባታል። አመዱ ሳይበርድ ግን አያውጧት።