ሻይሎክ በበላ ልበልሃ ቢሟገትስ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የተማሪዎች ድራማ ክበብ አለማምዳለሁ። ከሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» የአራተኛውን ገቢር ችሎት እያዘጋጀን ነው። ያስቸገረኝ ሻይሎክ ነው፤ ዕዳው በቀኑ ስላልተከፈለው «በውሌ መሠረት ከሰውየው አካል ሥጋ ልቁረጥ» የሚለው አበዳሪ። እሱን የሚጫወተው ልጅ መንዝ ነው ያደገው፤ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን እየወዘወዘ «ሕጉን! ውሌን!» ሲል የድሮ የበላ ልበልሃ ተሟጋች ይመስላል። የ3,000 ዱካቱ ዕዳ እጥፍ ሆኖ ሲቀርብለት እንኳ ቢላዋውን በጫማው ሶል ይስላል። ልምምድ የሚያየው ሁሉ ወደደው። የሕግ ሊቅ መስላ ችሎት የገባችው ፖርሺያ «ምሕረት በግድ አይሆንም፤ እንደ ለስላሳ ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል» ስትል ግን አዳራሹ ያዛጋል። (ቁረጠው እንዳትሉኝ፤ የትዕይንቱ ነፍስ ነው።) ከዚያ በኋላ «ቆይ! ውሉ ሥጋ እንጂ ጠብታ ደም አይሰጥህም» የምትለውም ይቀዘቅዝብኛል። እርሷም በበላ ልበልሃ ትመልስለት ወይስ ረጋ ብላ ትናገር? መድረክ የምታውቁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።