«ያላለቀ መሣሪያ» አለ ሰውየው! የባሮክ ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ፣ አውሮፓ) ኮንቼርቶ በድሮ መሣሪያ ወይስ በዘመናዊ?

ባሱን ወዳድ፦ ትናንት እዚሁ አንድ ሰው «የድሮ ፍሉትና ኦቦ ገና ያላለቁ መሣሪያዎች ናቸው፣ ባህ (የዛ ዘመን ጀርመናዊ አቀናባሪ) ዘመናዊውን ቢያገኝ የሱን ወርውሮ ይጥለው ነበር» ብሎ ጽፎ ስንቱ ላይክ አደረገለት። በጣም ነው ያናደደኝ። ያላለቀ ማለት ምን ማለት ነው? ጣሊያናዊው አቀናባሪ ቪቫልዲ ለባሱን (ወፍራም ድምፅ ላለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ) ብቻ ከ35 በላይ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ሶሎ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ፣ ጽፏል እኮ፣ ላላለቀ ዕቃ ነው ይሄን ሁሉ የደከመው?

ፍሉቲስቱ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አሁንም እላለሁ። ባለ አንድ ቁልፉ የድሮ ፍሉት ላይ ኤፍ የሚባለውን ኖት ንፋ እስቲ፣ ታፍኖ ነው የሚወጣው፣ ከጎኑ ያለው ኖት ደግሞ ጥርት ብሎ ይወጣል። መሣሪያ ሠሪው ቦም በ1847 ባወጣው የብረት ፍሉት ይሄ ችግር ተፈታ። ችግሩ ሲፈታ ነው አለቀ የሚባለው።

ሪከርደርና ቡና፦ ችግር ነው ያለህ ማነው? የቪቫልዲን የፍሉት ኮንቼርቶ «ላ ኖቴ» («ሌሊቱ») ስማው፣ 1729 አካባቢ አምስተርዳም የታተመው ኦፐስ 10 የሚባለው ስብስብ ውስጥ ሁለተኛው ነው። ኪው (የተጻፈበት የድምፅ መሠረት) ጂ ማይነር ነው። የዛ ዘመን ፍሉት የሚመቸው ዲ ሜጀር ስለሆነ ጂ ማይነር ላይ ቢ ፍላቱም ኤፉም ቀዳዳ ዘለህ ዘግተህ በሹካ ጣት ነው የምታወጣቸው፣ ስለዚህ ጭጋግ ይለብሳሉ። «እንቅልፍ» የሚለው ክፍል ጋ ስትደርስ ያ ጭጋግ ነው ሌሊቱን የሚያመጣው። በብረቱ ፍሉት ሁሉም ኖት እኩል ያበራል፣ ታዲያ ጨለማው የታለ?

ፍሉቲስቱ፦ ጎበዝ ተጫዋች በብረቱም ጨለማ ያመጣል እህቴ። ድምፅ የሚሠራው ትንፋሽ ነው።

ሪከርደርና ቡና፦ ያመጣል፣ ግን እሱ አስቦ ነው የሚያመጣው፣ በድሮው ፍሉት ግን ቪቫልዲ ራሱ ኪውን መርጦ ጨለማውን አስቀምጦታል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ባሱን ወዳድ፦ «ያላለቀ» የሚለውን አሁንም አልመለስክልኝም። ዋሽንትስ? ቁልፍ የለውም፣ ያላለቀ ልትለው ነው?

የድሮ መምህር፦ ልጆች ዋሽንትን እዚህ አታስገቡት። ዋሽንት ነፊ ለየቅኝቱ የሚሆን የተለያየ ዋሽንት ይይዛል፣ አንዱን በሁሉም ኪ ንፋ የሚለው የለም። የባሮክ ፍሉት ነፊ ግን በአንዱ እንጨት ስንቱን ኪ ይዞራል። ስለማታውቁት ነገር ምሳሌ አታብዙ።

ባሱን ወዳድ፦ ጋሼ አክብሬዎት ነው፣ ግን የተናገሩት እኔን ነው የሚደግፈው። አንዱን እንጨት ይዞ ያን ሁሉ ኪ ከተጫወተ መሣሪያው ምኑ ነው የጎደለው?

ከቪየና፦ ሁላችሁም ፍሉት ላይ ተጣብቃችሁ ቀራችሁ። ብራንደንቡርግ ኮንቼርቶ ቁጥር 2ን ውሰዱ፣ ባህ በ1721 ከላካቸው ስድስቱ አንዱ። ትራምፔት፣ ሪከርደር (ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ የሆነ የእንጨት ዋሽንት መሰል)፣ ኦቦ፣ ቫዮሊን፣ አራቱም ሶሎ ናቸው። ሪከርደር ከትራምፔት ጋር! በፒኮሎ ትራምፔት (በትንሹ የዘመኑ ትራምፔት) ስትጫወተው ሪከርደሩ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ በፍሉት የሚተኩትም ለዚህ ነው። ቫልቭ (ኖት የሚቀይር ቁልፍ) የሌለው የድሮው ትራምፔት ግን ቱቦው ከፒኮሎው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፣ ከፍታው ላይ ለስለስ ብሎ ይዘፍናል፣ አራቱም ይሰማሉ። መሪው ሃርኖንኩር በ1964 በድሮ መሣሪያ ከሚጫወተው ቡድኑ ከኮንሴንቱስ ሙዚኩስ ጋር የቀረጸውን አድምጡና ተመለሱ።

አስተያየት አለኝ፦ አሁን ደግሞ ትራምፔት! «የድሮ ትራምፔት» እያላችሁ የምትሰሙት አብዛኛው ቱቦው ላይ የተበሳ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው። የባህ ትራምፔተር ጎትፍሪድ ራይኸ ሥዕሉ ላይ የያዘውን እዩት፣ ቀዳዳ የለውም። ሕዝብን «እንደ ድሮው ነው» ብሎ ትኬት መሸጥ ማታለል ነው። 415ም (የድሮ መሣሪያ ተጫዋቾች ኤ ኖትን የሚቃኙበት ፒች፣ በኸርዝ) እንደዛው፣ የአሁን ሰዎች ስምምነት ነው። ፈረንሳይ ከዛ ዝቅ ይል ነበር፣ የቪቫልዲ ቬኒስ ደግሞ ከፍ ይል ነበር። የሙዚቃ ታሪክ ምሁሩ ታሩስኪን የዛሬ ስንት ዓመት ብሎታል፣ ይሄ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጣዕም ነው።

ከቪየና፦ ማታለል አትበል። ቀዳዳው የመጣው 11ኛው ሃርሞኒክ (ቱቦው በከንፈር ብቻ ከሚያወጣቸው ድምፆች 11ኛው) በኤፍና በኤፍ ሻርፕ መሃል ስለሚወድቅ ነው፣ የዛሬ አዳራሽ ደግሞ ያንን አይታገስም። ያለ ቀዳዳ በከንፈራቸው ብቻ እያስተካከሉ የሚነፉም አሉ፣ ፈልገህ ስማ። ፒቹ ላይ እስማማለሁ፣ ሁሉንም በ415 መጫወት ስንፍና ነው። ታሩስኪን ግን መሣሪያውን ጣሉ አላለም፣ ታሪክ አስመስላችሁ ጣዕማችሁን አትሽጡ ነው ያለው።

አስተያየት አለኝ፦ እኔስ ምን አልኩ ታዲያ?

ከቪየና፦ «ማታለል» አልክ!

ፍሉቲስቱ፦ ይኸው፣ ሳይበሱት አልሆነላቸውም። መሣሪያው ያላለቀ ነው ስል ይሄንን ነው የምለው።

ሪከርደርና ቡና፦ አንድ ቃል ይዘህ ሙጭጭ። ራይኸ ያለ ቀዳዳ ነፍቶታል እኮ! የጎደለው የኛ ከንፈር ነው፣ መሣሪያው አይደለም። የሚዛኑን ጥያቄ ደግሞ ዘለልከው፣ ሪከርደሩ ሲዋጥ ምን ትላለህ?

ፍሉቲስቱ፦ ቀረጻ ላይ ማይክ ያስተካክለዋል።

ሪከርደርና ቡና፦ አዳራሽ ውስጥስ?

ፍሉቲስቱ፦ ትራምፔተሩ ቀስ ብሎ ይንፋ።

ከቪየና፦ ያንን ከፍታ በፒኮሎ፣ ከሪከርደር በታች ቀስ ብሎ? ማን ሲያደርገው ሰማህ? ቀረጻውን እዚህ ለጥፈውና እንስማው።