ከድምፅ ፈጥኖ መውደቅ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሕዝብ ትምህርት መርሐ ግብራችን የመረጥነው ርዕስ ከላይ ያለው ነው፤ አሁን ፕሮፖዛሉን እንቅረጽ። ኦስትሪያዊው የፓራሹት ዘላይ ፌሊክስ ባውምጋርትነር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2012 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከሮዝዌል ተነሥቶ በሂሊየም ባሉን 39 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣና ዘለለ። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 1,357.6 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ማክ 1.25 (በዚያ ከፍታ ካለው የድምፅ ፍጥነት 1.25 እጥፍ) ነበር። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ፊዚክሱን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በየትኛው ጥያቄ ዙሪያ እንሥራ?

የፊዚክስ መምህሩ፦ እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን እላለሁ፦ ሰውየው ከመሬት ገና 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሳለ፣ ስበት እየሳበው፣ ፍጥነቱ ለምን መቀነስ ጀመረ? ታዳሚው የሚወድቅ ነገር እየፈጠነ እንደሚሄድ ነው የሚያስበው። እዚህ ግን ከፍተኛው ፍጥነት የተመዘገበው በ50ኛው ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጻ ውድቀቱ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሲቀጥል ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው የሄደው።

ምክንያቱ የአየሩ እፍጋት ነው። የአየር መቋቋም ከእፍጋቱና ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ይህ ኃይል ከክብደት ጋር ሲተካከል ፍጥነት መጨመሩን ያቆማል፤ ተርሚናል ቬሎሲቲ የምንለው ይህንን ነው። በምድር ወለል አቅራቢያ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ለሚወድቅ ሰው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 28 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ 1/50 ያህል ነው። እፍጋቱ 50 ጊዜ ሲያንስ ያው ኃይል እንዲገኝ የፍጥነቱ ስኩዌር 50 ጊዜ ማደግ አለበት፤ የ50 ስኩዌር ሩት 7 ገደማ ስለሆነ 200 በ7 ሲባዛ 1,400 ይመጣል። ከተመዘገበው 1,357.6 ጋር አስተያዩት! በሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር የማይሞላ ስሌት ይህን ያህል መቅረቡ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል፤ ታዳሚዎቻችንም ይህን ደስታ እንዲያገኙት እፈልጋለሁ። ከዚያ በታች አየሩ በፍጥነት እየወፈረ ስለሚሄድ የአየር መቋቋሙ ከክብደቱ ይበልጣል፣ ሰውየውም ይዘገያል።

የሲሙሌሽን ክፍል፦ መምህር፣ በሐሳብዎ እስማማለሁ፤ የድምፁን ወገን ግን እንጨምርበት። ብዙዎች «ከላይ አየሩ ስለሳሳ ድምፅ ይዘገያል» ይላሉ። ትክክል አይደለም፤ ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰውየው ከፍተኛ ፍጥነቱን ባስመዘገበበት ከፍታ፣ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ 1,087 ያህል ነበር። ቅዝቃዜው ረድቶታል፤ ግን ውለታውን ሁሉ ለቅዝቃዜው አንስጥ፤ 1,357.6 በመሬት ወለል ካለው የድምፅ ፍጥነትም ይበልጣል።

ወጣት አባል፦ እኛስ ለምን አንሞክርም? የአየር ጠባይ መለኪያ ባሉን 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሴንሰር ያለው ነገር ከዚያ እንልቀቅና ከድምፅ ሲፈጥን እንመዝግብ።

የደኅንነት ተጠሪ፦ ፍላጎትህን እወደዋለሁ ወንድሜ፤ ይህን ግን ፕሮፖዛሉ ውስጥ አናስገባውም። አየር ባይኖር እንኳ በሰከንድ 300 ሜትር ለመድረስ 4.6 ኪሎ ሜትር ያህል መውደቅ ያስፈልጋል። እዚያ ከፍታ ላይ ባለው አየር ውስጥ ፍጥነቱን እንዳያጣ ደግሞ ለስፋቱ በጣም ከባድ መሆን አለበት። የፎም ሳጥን ድምፅን አይቀድምም። ድምፅን ለመቅደም የሚበቃ ነገር ፓራሹቱ ባይከፈት መሬት የሚመታው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሙከራው እንዲሳካ የሚያደርገው ባሕርይ ራሱ ከታች ላለው ሰው አደጋ ነው።

የሲሙሌሽን ክፍል፦ ስለዚህ በኮምፒውተር እናውርደው። ታዳሚው የራሱን ውድቀት በየ0.1 ሰከንዱ ያሰላል፤ የከባቢ አየር ሠንጠረዥ እንሰጠዋለን። መጀመሪያ አየር የሌለበትን ያሰላ። በ34ኛው ሰከንድ በሰከንድ 330 ሜትር ያገኛል፤ ባውምጋርትነር ድምፅን ያለፈው በዚያው ጊዜ አካባቢ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ሆኖ ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በ50ኛው ሰከንድ ግን ስሌቱ 485 ሲሰጥ እውነተኛው 377 ነው። አየሩ ሥራ የጀመረበት ቦታ በግራፉ ላይ በዓይን ይታያል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ እጅግ ጥሩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ማክ 1 አካባቢ ሾክ ዌቭ፣ ማለትም ድንገተኛ የግፊት ሞገድ፣ ስለሚፈጠር የአየር መቋቋሙን ስናሰላ የምናባዛበት ቁጥር ቋሚ አይሆንም፣ ይጨምራል። ይህን ለሁለተኛ ዙር እናቆየው፤ በመጀመሪያው ላይ ሰው እንዳይደናገር።

ጸሐፊ፦ ማወዳደሪያ ይኑር እላለሁ። ጆ ኪቲንገር እ.ኤ.አ. በ1960 ከ31.3 ኪሎ ሜትር ዘልሎ በሰዓት 988 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ አለን ዩስታስ በ2014 ከ41.4 ኪሎ ሜትር ወርዶ 1,320 ገደማ ደረሰ። ሁለቱም ሰውነታቸው እንዳይሽከረከር ትንሽ ማረጋጊያ ፓራሹት ነበራቸው። ባውምጋርትነር ያንን ሳይጠቀም ስለወረደ ክፉኛ ተሽከረከረ፣ እንደ ምንም ራሱን አረጋጋ። ዩስታስ ከእርሱ በላይ ከፍታ ተነሥቶ ፍጥነቱ ያነሰው ለምን እንደሆነ ታዳሚው ራሱ ይመልስ።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፣ በዝላዩ ዕለት የተነገረው 39,045 ሜትርና 1,342.8 ነበር፤ ኋላ ተመርምሮ የጸደቀው 38,969 ሜትርና 1,357.6 ነው። በጸደቀው ብቻ እንጠቀም።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ያቀርባል። በመጀመሪያው ተሳታፊዎች የአንድን ሰው ውድቀት ያለ አየርና ከአየር ጋር አስልተው ፍጥነቱ የቀነሰበትን ምክንያት ያገኛሉ። በሁለተኛው ሾክ ዌቭን ጨምረው ሦስቱን ዝላዮች ያወዳድራሉ። ከከፍታ ምንም ነገር አይጣልም።» ወጣቱ አባላችን የባሉን ፍላጎቱን ይዞ ሴንሰሮቹን ብቻ ቢያወጣና በፓራሹት ቀስ ብሎ ቢያወርድ፣ የእኛን የሙቀትና የግፊት ሠንጠረዥ መፈተኛ ይሆነናል፤ ከደኅንነት ተጠሪው ጋር ተመካክሮ ለብቻው ያቅርበው።

ወጣት አባል፦ እሺ፣ በደስታ። ጂፒኤሱ በዚያ ከፍታ የሚሠራ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዳንዶቹ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ መመዝገብ ያቆማሉ። ከእርሱ እጀምራለሁ።