ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን በእውነት ስንት ሰዓት ነው?

የቱሉ ዲምቷ፦
ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ወልዳ እማዬ ልታርሳት ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ስኳር አለባት፤ በየ12 ሰዓቱ መርፌ ትወጋለች። ሐኪሟ «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲላት መልስ አጣን። ቲኬቱ ማታ 4፡30 ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 2፡00 ይደርሳል ይላል፤ 9 ሰዓት ተኩል። መመለሻው ጠዋት 5፡00 ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1፡00 ይገባል፤ 20 ሰዓት! አንድ መንገድ እንዴት እንዲህ ይለያያል? የልጄን የዓለም ካርታ በማስመሪያ ለካሁት፤ ከ13,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። አውሮፕላን በሰዓት 900 ገደማ ይሄዳል ይባላል፤ ባካፍለው ከሁለቱም ጋር አልገጥም አለኝ። እማዬ መገናኛ ድረስ ለመሄድ እንኳ ምሳዋን ቋጥራ ነው የምትወጣው። እባካችሁ፣ ግምት አይሁን።

የገላኑ፦
እህቴ፣ ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ነው። ሐምሌ ላይ እኛ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት እንቀድማለን፤ በእነሱ ክረምት በ8። ስለዚህ ለመሄጃው 7 ደምሪ፤ 16 ሰዓት ተኩል። ከመመለሻው 7 ቀንሺ፤ 13። ለሐኪሙ የምትነግሪው ይህንን ነው።

ርቀቱን ያሳሳተሽ ካርታው ነው። ምድር ድቡልቡል ናት፣ ወረቀቱ ጠፍጣፋ። ሉል ፈልጊና ክር ያዢ። እኔ አሁን ለካሁት፦ የቤቴ ሉል ወገቡ ላይ ዙሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 1 ሳንቲ 500 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጠር ሳደርገው 23 ሳንቲ መጣ፤ 11,500 ኪሎ ሜትር። ማስመሪያው በቻድና በማሊ ይወስድሻል። ክሩ ግን ወደ ሰሜን ወጥቶ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ስፔንን አልፎ ነው አትላንቲክ የሚገባው። ለ900 አካፍዪው፤ 13 ሰዓት ገደማ።

የቱሉ ዲምቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መመለሻው ገጠመልኝ። መሄጃው ላይ 3 ሰዓት ተኩሉ ከየት መጣ?

የሱሉልታው፦
ከቦሌ ከፍታ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ለረጅም መንገድ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ለዚህ ነው መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው፤ ማረፊያው ቲኬቱ ላይ አለ፣ እዪው። የዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታንከሩን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ነፋስም አለ። አትላንቲክ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ደግሞ በረራውን ብቻ አትቁጠሪ። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ያለው መንገድ አለ፣ ኤርፖርት 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለ፣ እዚያ የፓስፖርት ሰልፍ አለ። ለእናትሽ የሚቆጠረው ከቤት እስከ ቤት ያለው ነው። መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ አይጫኑት፣ በእጅ ቦርሳ ይያዙት። የእጅ ሰዓታቸውንም እስኪደርሱ አይቀይሩት።

የቱሉ ዲምቷ፦
አሁን ከልጄ ጋር ደመርነው። ከቤት ማታ 12 ሰዓት ብትወጣ እህቴ ቤት እስክትገባ 23 ሰዓት ይሆናል። አንዱን መርፌ ልትወጣ ስትል፣ አንዱን አውሮፕላን ላይ፣ ሦስተኛውን እህቴ ቤት ማለት ነው። ነገ ወረቀቱን ለሐኪሙ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሱ ይወስን። የእማዬ የእጅ ሰዓት ከቆመ ቆይቶ ነበር። ዛሬ ባትሪ አስገባሁላት።