ቀፎው ከተዛወረ በኋላ ቀሳሚ ንቦች ወደ ድሮው ቦታ እየተመለሱ ተቸገርኩ

10 ፍሬም (ንቦቹ ሰፈፍ የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ያለው ዘመናዊ ቀፎ 40 ሜትር ያህል ርቆ ወደ ጥላ ተዛውሯል። የተነሳው ማታ፣ መግቢያው በሽቦ ወንፊት ተዘግቶ ነው። ጠዋት ሲከፈትም ንቦቹ አካባቢውን እንደ አዲስ እንዲያጠኑ ቅጠላማ ቅርንጫፍ ደጃፉ ላይ ተደግፏል። ንግሥቷም እጮቹም (ገና ያላደጉት ንቦች) ደህና ናቸው። ቀሳሚዎቹ ግን ከቀሰሙ በኋላ የሚያርፉት የድሮው መቆሚያ ላይ ነው።

እዚያ ባዶ ሣጥን ከአንድ አሮጌ የሰፈፍ ፍሬም ጋር አስቀምጬ፣ ሲመሽ የገቡትን ወስጄ ቀፎው ደጃፍ ላይ አራግፋለሁ። ወዲያው ይገባሉ፤ በማግስቱ ግን ያው ነው። ሣጥኑ ቢነሳ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ይፈጃቸዋል።

በየቀኑ አንድ ሜትር እየገፉ ማስጠጋት በመሃል ባለው አጥር ምክንያት አይሆንም፤ ለጊዜው የማቆይበት 5 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታም የለኝም። ቀፎውን ለ3 ቀን በወንፊት ዘግቼ፣ አየርና ውሃ ሳይጓደልበት ባቆየው ቀሳሚዎቹ የድሮውን ቦታ ይተዉታል?