የቀዘቀዘ ፅንስ ዓመታት ሲቆይ የመውለድ ዕድሉ ይቀንሳል?

ሰማያዊ37 (ጠያቂ)፦
ሰላም። እንቁላሉ የተወሰደው በ35 ዓመት ነው፤ አሁን ዕድሜ 40። በ5ኛው ቀን በቪትሪፊኬሽን (በፈጣን ማቀዝቀዝ) የቀዘቀዙ 3 ብላስቶሲስቶች (የአምስት ቀን ፅንሶች) አሉ፤ የጥራት ደረጃቸው፦ 4ኤኤ፣ 4ቢቢ እና 3ቢሲ። አምስት ዓመት ታንክ ውስጥ መቆየታቸው ይጎዳቸዋል? ሁለቱን በአንዴ ማስገባትስ? ክሊኒኮች የሚነግሩንን የስኬት ቁጥርስ እንዴት እናንብበው?

ታንክ_ጠባቂ፦
ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። እዚያ ቅዝቃዜ ላይ ሴሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አምስት ዓመትም ሃያ ዓመትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የቀዘቀዙ ፅንሶች በ2022 መንታ ሆነው ተወልደዋል።

የሚያሰጋው መግቢያውና መውጫው ነው። ውሃ በረዶ ከሠራ ሴሉን ይቀደዋል፤ ስለዚህ አብዛኛው ውሃ ወጥቶ በረዶ እንዳይሠራ በሚከላከሉት በኤቲሊን ግላይኮል፣ በዲኤምኤስኦና በሱክሮስ (ስኳር) ይተካና ወዲያው ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ በቀጥታ 37 ዲግሪ የሞቀ፣ ሱክሮስ የበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ያህል ይገባል፤ ከዚያ ወደቀጠነው ይተላለፋል። በመሃል ፅንሱን የያዘው ዘንግ ለጥቂት ሰከንዶች አየር ላይ ከቆየ በረዶው ያኔ ይሠራል። ሰው ስለ ማቀዝቀዝ ፍጥነት ብዙ ያወራል፤ እኔ የማሞቁ ይበልጣል ባይ ነኝ። በጥሩ ላብራቶሪ ከ100 ብላስቶሲስት ከ90 በላይ በሕይወት ይወጣሉ።

ተጨማዶ ነው የሚወጣው። በ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ካልተነፋ ዕድሉ ይቀንሳል፤ በማስገቢያው ቀን ይህን ጠይቁ። ናይትሮጅን ይተናልና ስለ ማንቂያውም ጠይቁ፦ በ2018 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ማዕከል ታንክ ሲበላሽ የርቀት ማንቂያው ጠፍቶ ነበር። ሦስቱም አንድ ታንክ ውስጥ ከሆኑ ወደ ሁለት ይከፈሉ ማለት ይቻላል።

ሰባት_ሚሊሜትር፦
ሁለት ማስገባቱን ተዉት። የሚቆጠረው የእንቁላሉ ዕድሜ፣ ማለትም 35 ነው። በ40 ዓመት እርግዝና የደም ግፊትና የስኳር ስጋት በራሱ ከፍ ይላል፤ መንታ ሲጨመርበት ያለጊዜ መውለድ ይከተላል። አንዱም ቢሆን አልፎ አልፎ ለሁለት ይከፈላል። በ4ኤኤ ይጀመር።

የምታረግዘው ሴት የወር አበባ የማይዛነፍ ከሆነ በተፈጥሮ ዑደት ማስገባት እመርጣለሁ። በመድኃኒት ብቻ በሚዘጋጅ ዑደት እንቁላል ስለማይለቀቅ፣ ከለቀቀ በኋላ የሚፈጠረው ሆርሞን አመንጪ አካል፣ ኮርፐስ ሉቲየም፣ የለም፤ ፕሪኤክላምፕሲያም (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) በዚህ መንገድ በዛ ብሎ ታይቷል። መድኃኒት ግድ ከሆነ በብዛት የሚሰጠው ኤስትራዲዮል (የማህፀን ሽፋን የሚያወፍር ሆርሞን) በቀን 6 ሚሊግራም፣ ለሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የማህፀን ሽፋን 7 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ፕሮጄስትሮን (ሽፋኑን ፅንስ ለመቀበል የሚያዘጋጅ ሆርሞን) ይጀመራል፤ ብላስቶሲስት በፕሮጄስትሮኑ 6ኛ ቀን ይገባል።

የሚበላሸው ቆጠራው ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ዶዝ ማታ ወስዶ ያንን ቀን ሙሉ ቀን ብሎ መቁጠር ማህፀን ፅንስ የሚቀበልበትን ጊዜ ያዛንፋል፤ ሰዓቱ ይጻፍ። በብልት በኩል የሚገባው ፕሮጄስትሮን በአንዳንዶች ደም ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ብዙ ማዕከላት ከ10 ናኖግራም በሚሊሊትር በታች ሲያዩ መርፌ ይጨምራሉ። ትንሽ ደም ታየ ብሎ መድኃኒት በራስ ማቆም ደግሞ የከፋ ነው። ለእርግዝና ደም የሚመረመረው ፅንሱ ከገባ ከ9 እስከ 11 ቀን ነው፤ ከያዘ መድኃኒቱ እስከ 10ኛ ወይም 12ኛ ሳምንት ይቀጥላል።

ተካፋይ፦
ቁጥር ሲነግሯችሁ «ለስንት ተካፍሎ?» በሉ። ለምሳሌ 100 ሴቶች ጀምረው 60ዎቹ ብቻ ፅንስ ቢገባላቸውና 24 ቢወልዱ፣ በገባ ፅንስ ሲሰላ 40%፣ በጀመሩት ሲሰላ 24% ነው። ሁለቱም እውነት፤ ማስታወቂያ ላይ ግን የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። ደግሞም «ፖዘቲቭ» የእርግዝና ምርመራ መውለድ አይደለም። በሕይወት የተወለደ፣ እንቁላል ሲወሰድ ዕድሜያቸው 35 በነበሩት ብቻ የተሰላውን ጠይቁ።

የክሮሞዞም ምርመራ ቢያቀርቡላችሁ፣ እነዚህን አሙቆ፣ ሴል ወስዶ፣ ዳግም ማቀዝቀዝ ይጠይቃል። ለሦስት ፅንስ አያዋጣም እላለሁ።

ሰማያዊ37፦
3ቢሲው ይጣል?

ታንክ_ጠባቂ፦
አይጣል። 3 የመነፋቱ መጠን ነው፣ ቢ ሕፃኑ የሚሆነው የውስጥ ሴል፣ ሲ የእንግዴ ልጅ የሚሆነው የውጭ ሽፋን። ሲ ያለው የመያዝ ዕድሉ ያንሳል እንጂ ጤናማ ልጅም ይወለድበታል። መጨረሻ ላይ ይቆይ።